የሕዝብ ድምፅ ያለበት ሀገር አቀፍ የሥዕል ሽልማት እንዴት ይዳኛል?

ለሀገር አቀፍ የሥዕል ሽልማት ሕዝቡም ድምፅ ይስጥ የሚለው ሐሳብ ተገቢ ነው፤ ሥዕል የሚሰቀለው ለባለሙያ ብቻ አይደለምና። ነገር ግን የሕዝቡ ድምፅና የዳኞቹ ውሳኔ በምን እንደሚገናኙ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ውጤቱ በተነገረ ማግስት ሠዓሊውም፣ ዳኛውም፣ ድምፅ የሰጠውም ሰው ቅር ይሰኛል። ስለዚህ የአዘጋጁ የመጀመሪያ ሥራ ደንቡን ጽፎ፣ ሥራዎችን መቀበል ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ይፋ ማድረግ ነው።

በደንቡ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚወሰነው ሽልማቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለው ነው። እኔ ሁለት ይሁን እላለሁ። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ1921 ጀምሮ የሚሰጠው የአርቺባልድ ሽልማት የሰው ምስል የሚወዳደርበት ሲሆን፣ ዋናውን አሸናፊ የሚመርጡት የኒው ሳውዝ ዌልስ የሥነ ጥበብ ጋለሪ ባለአደራዎች ናቸው፤ ከ1988 ወዲህ ደግሞ ጎብኚው ሕዝብ የወደደውን ሥዕል በተለየ ሽልማት ያከብራል። በ2004 ክሬግ ረዲ የሠራው የተዋናዩ የዴቪድ ጉልፒሊል ምስል ሁለቱንም ወስዷል፤ እንዲህ መግጠሙ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው፤ የምርጫው መለያየትም ሁለቱን ሽልማቶች አላቃቃረም።

ደንቡ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚቀበልም በግልጽ ይናገር። ያው የረዲ ሥራ በከሰል የተሠራ በመሆኑ ንድፍ እንጂ ቅብ አይደለም ተብሎ ክስ ቀርቦበት፣ ክሱ ውድቅ የተደረገው በ2006 ነበር። የ1943ቱ አሸናፊ የዊልያም ዶቤል ሥዕልም ካሪካቸር (መልክን አጋንኖ የሚያሳይ የቀልድ ሥዕል) እንጂ የሰው ምስል አይደለም ተብሎ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ፍርዱም ለዶቤል ሆኗል። ከሰል፣ ሕትመት (ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ በወረቀት የታተመ ሥዕል)፣ ከልዩ ልዩ ቁሳቁስ የተሠራ ሥራ፣ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ይገባሉ ወይስ አይገቡም? የሥራው ዕድሜና ትልቁ መጠን ስንት ነው? ይህ ሁሉ ከማስታወቂያው ጋር ይውጣ።

ሁለቱን ድምፆች ቀላቅሎ ለዳኞች 70 በመቶ፣ ለሕዝብ 30 በመቶ መስጠት ሚዛናዊ ይመስላል፤ ሲሰላ ግን ሌላ ሆኖ ይገኛል። ዳኞች ለመጨረሻ እጩዎች የሚሰጡት ነጥብ ይቀራረባል፤ አንዱ ሥራ 84፣ ሌላው 78 ቢያገኝ፣ የ6 ነጥቡ ልዩነት በ70 በመቶ ሲሰላ 4.2 ብቻ ይሆናል። የሕዝብ ድምፅ ግን በእጅጉ ይራራቃል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘው ሥራ 100፣ የዚያን ሩብ ያገኘው 25 ቢባል፣ የ75ቱ ልዩነት በ30 በመቶ ሲሰላ 22.5 ይሆናል። ስለዚህ አነስተኛው ድርሻ አሸናፊውን ይወስናል፤ ዳኞቹም ለከንቱ ደክመዋል ማለት ነው። ገንዘቡ ለአንድ ሽልማት ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ዳኞቹ 5 እጩዎችን መርጠው ሕዝቡ ከእነዚያ መካከል ቢመርጥ ይሻላል፤ ያኔ የእያንዳንዱ ወገን ሥልጣን የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ይታወቃል።

ቀጥሎ 5 ወይም 7 ዳኞች ይመረጡ። በእኛ ሀገር ብዙ ሠዓሊዎች በአዲስ አበባው «አለ» የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያለፉ ስለሆኑ፣ ዳኛው የተወዳዳሪው መምህር ወይም የክፍል ጓደኛ ሆኖ መገኘቱ አይቀርም። ስም መሸፈን ብቻውን አይበቃም፤ መምህር የተማሪውን እጅ ከሩቅ ያውቃልና። ስለዚህ እያንዳንዱ ዳኛ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር አይቶ ዝምድናውን፣ መምህርነቱንና ሥዕል ገዝቶ ወይም ሸጦ ከሆነም ያንን በጽሑፍ ያሳውቅ፤ በዚያ ሰው ሥራ ላይ ነጥብ ከመስጠት ብቻ ሳይሆን ከውይይቱም ይውጣ።

ዳኞቹ መጀመሪያ ሥራዎቹን ለየብቻቸው፣ ሳይነጋገሩ፣ ቢቻል በሁለት የተለያዩ ቀናት ይመልከቱ። በወፍራሙ የተጣለ የዘይት ቀለም ከፊት ለፊት አንድ ወጥ ቀይ መስሎ ይታይና፣ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲሉ ቀለሙ የተጣለበት ቢላ ያለፈበት ጠርዝ ብርሃን ይዞ ከሥሩ ያለውን ሰማያዊ ያወጣዋል፤ ይህን የስልክ ፎቶ አያሳይም። ነጥቡ ደግሞ ለማጣሪያ ብቻ ያገልግል። አንድ ደፋር ሥራ ከ5 ዳኞች 10፣ 10፣ 9፣ 4 እና 4 አግኝቶ ድምሩ 37 ሲሆን፣ ማንንም ያላስደነቀው 8፣ 8፣ 8፣ 7 እና 7 አግኝቶ በ38 ይበልጠዋል። ድምር ብቻውን ከነገሠ እንዲህ ያለው ደፋር ሥራ ሁልጊዜ ይወድቃል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዳኛ ከወደቁት አንዱን መልሶ የማስገባት መብት ይኑረው፣ የመጨረሻው ውሳኔም በውይይትና በድምፅ ይሁን።

የሕዝቡን ድምፅ በተመለከተ፣ ድምፅ የሚሰጠው ሥዕሎቹን ያየ ሰው ይሁን። በአሜሪካ ግራንድ ራፒድስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 አርትፕራይዝ የተሰኘው ውድድር ሲጀመር አሸናፊውን የወሰነው የሕዝብ ድምፅ ነበር፤ መራጩም በአካል እዚያው ተገኝቶ መመዝገብ ነበረበት። በኋላ የዳኞች ሽልማት ተጨምሮ፣ በ2014 ለሁለቱም ወገን ዋና ሽልማት እኩል 200,000 ዶላር ተመድቧል። በአዳራሽ ውስጥ ማኅተም ያለበት አንድ ካርድ በመግቢያው ላይ ይሰጥና ሣጥኑ በመውጫው ላይ ይቀመጥ፤ ሰው ዘመዱን መርጦ ከበር እንዳይመለስ ይህ ይረዳል። መዳፍ የምታህል ሕትመት ከ2 ሜትር ሸራ ጎን ከተሰቀለች ማንም አያያትም፤ ለብቻዋ ግድግዳና ብርሃን ይሰጣት። ዐውደ ርእዩ ወደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ መጓዝ ካልቻለና በስልክ መምረጥ ግድ ከሆነ፣ ለአንድ ቁጥር አንድ ድምፅ ብቻ ይፈቀድ፣ መልእክቱም ነፃ ይሁን፤ በሚከፈልበት መልእክት ደጋግሞ መምረጥ ከተቻለ የሚያሸንፈው ገንዘብ ያለው ነው። የሥራዎቹ ቅደም ተከተል ለእያንዳንዱ መራጭ ይቀያየር፤ ቆጠራውም እስከ መጨረሻው ለማንም አይታይ።

ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ዳኞቹ ውሳኔያቸውን ፈርመው በፖስታ ያሽጉ፤ የሕዝቡን ውጤት ሰምቶ የሚወስን ዳኛ ወይ ይከተለዋል ወይ ይቃረነዋል። ቆጠራው ሠዓሊዎቹ የመረጧቸው ሁለት ታዛቢዎች ባሉበት ይካሄድ። በመድረኩ ላይ የሕዝቡ ምርጫ ከነድምፁ ብዛት ይነገር፤ ከዚያ የዳኞቹ ውሳኔ ምክንያቱን ከሚገልጽ ግማሽ ገጽ ጽሑፍ ጋር ይነበብ። ካርዶቹና የነጥብ ወረቀቶቹ ቅሬታ የሚቀርብበት 15 ቀን እስኪያልፍ ድረስ ተቆልፈው ይቆዩ፤ ቅሬታ ያለው ሰው ሥራው ፊት ቆሞ መልስ እንዲያገኝ ሥዕሎቹም እስከዚያ ከግድግዳው አይውረዱ።