የምርጫ ወረቀቱን ከታች ወደ ላይ አንብቡት

ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት አገር ምርጫ ሲደርስ ወሬው ሁሉ ስለ አንድ ወንበር ነው። ድምፅ ሊሰጥ የገባ ሰው ግን እጁ ላይ ብዙ ወረቀት ይቆለልበታል። ኬንያ ውስጥ በአንድ ቀን ስድስት ይሰጠዋል፦ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲ (አገሪቱ የተከፋፈለችበት የአስተዳደር አካባቢ) አስተዳዳሪ፣ ለሴኔት፣ ለብሔራዊ ምክር ቤት፣ ለሴቶች ተወካይ እና ለካውንቲ ምክር ቤት። የመጀመሪያውን በደንብ አስቦ የቀሩትን አምስቱን በግምት የሚሞላ ሰው ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙ። በፓርላማ ሥርዓት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚያስቀምጠው ምክር ቤቱ ነው፤ እምነት ካጣበትም ያወርደዋል። ፕሬዚዳንት በሚመረጥበት አገር ግን ፕሬዚዳንቱና ሕግ አውጪው ለየብቻ ይመረጣሉ፣ የሥልጣን ዘመናቸውም በሕግ የተቆረጠ ነው። ስለዚህ በብዙ አገር ፕሬዚዳንቱን ከአንዱ ፓርቲ፣ የምክር ቤት ተወካያችሁን ከሌላው መምረጥ ትችላላችሁ። ማንም አይከለክላችሁም።

ቀጥሎ «አሸነፈ» የሚባለው ምን ሲያገኝ እንደሆነ አጣሩ። ይህ ከአገር አገር በጣም ይለያያል። ሜክሲኮ ውስጥ ከሌሎቹ አንድ ድምፅ በልጦ መገኘት ይበቃል። ብራዚል ከግማሽ በላይ ትጠይቃለች፤ ያ ካልተገኘ ሁለቱ መሪዎች ሁለተኛ ዙር ይገጥማሉ። አርጀንቲና 45 በመቶ ያለፈውን፣ ወይም 40 በመቶ አግኝቶ ተከታዩን በ10 ነጥብ የበለጠውን በመጀመሪያው ዙር ታሳልፋለች። ኬንያ ከግማሽ በላይ ድምፅ ብቻ አይበቃትም፤ ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ 25 በመቶ ማግኘት ግድ ነው። ይህን ደንብ በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም በትውልድ አካባቢው ድምፅ ብቻ ተማምኖ አገር ልምራ የሚል ሰው መንገዱ ይዘጋበታል፣ ወደማያውቁት ሰዎች ሄዶ መለመን አለበት። አሜሪካ ደግሞ 538 የወኪል መራጮች (ሕዝቡን ወክለው ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ ሰዎች) ድምፅ በየክፍለ ግዛቱ ተከፋፍሎ 270 ያገኘው ይነግሣል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ልዩነት በልጠው የተሸነፉት በዚህ ስሌት ነው።

አሁን ወደ አካባቢው ምርጫ። መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ብራዚል ከንቲባና የከተማ ምክር ቤት የምትመርጠው ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ ሁለት ዓመት ተለይቶ ነው፣ የከንቲባ ሁለተኛ ዙርም ያለው ከ200 ሺህ በላይ የተመዘገበ መራጭ ባለባቸው ከተሞች ብቻ ነው። ከዚያ ኃላፊው በእርግጥ በእናንተ ድምፅ የሚመጣ መሆኑን አረጋግጡ። ጋና ውስጥ አብዛኞቹን የወረዳ ምክር ቤት አባላት ሕዝብ ይመርጣል፣ የወረዳውን ዋና አስተዳዳሪ ግን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ምክር ቤቱ ያጸድቃል።

እኔ የምመክራችሁ ዝርዝሩን ከታች እንድትጀምሩ ነው። ውኃው፣ ቆሻሻው፣ የሰፈሩ መንገድ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነው። መራጩ ትንሽ ስለሆነ አንድ ድምፅ ይከብዳል፣ እጩውንም በአካል አግኝታችሁ ባለፈው በጀት ምን ላይ ድምፅ እንደሰጠ ፊት ለፊት መጠየቅ ትችላላችሁ። ፕሬዚዳንትን እንዲህ ልትጠይቁ አትችሉም።

ምዝገባውን ለመጨረሻው ሳምንት አትተዉት። ስማችሁ በመራጮች መዝገብ ላይ በትክክል መጻፉን ቀድማችሁ እዩ። ወረቀቱ ላይ ስማችሁንም ፊርማችሁንም አታስፍሩ፣ ድምፃችሁ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ከተሳሳታችሁ ኮሮጆ ውስጥ ሳትከቱ ለአስፈጻሚዎቹ ንገሩ፤ በብዙ አገር የተበላሸውን ተቀብለው ሌላ ይሰጣሉ።

ከዚያ ወዲያ ቆጠራው ነው፣ እሱንም አትርሱት። ውጤት በየጣቢያው ተቆጥሮ የሚለጠፍ ከሆነ ሄዳችሁ እዩት፣ ከተፈቀደም ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ማዕከሉ ከሚያውጀው ጋር አስተያዩት። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ሲሰርዝ አንዱ ትልቁ ጉዳይ ውጤቱ ከጣቢያ ወደ ማዕከል የተላለፈበት መንገድ ነበር።

አቤቱታ ካላችሁ ቀኑን ቁጠሩ። እዚያው ኬንያ የፕሬዚዳንቱን ውጤት የሚቃወም ሰው በ7 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፣ ፍርድ ቤቱም በ14 ቀን ይወስናል። ለሌሎቹ ወንበሮች የማመልከቻው ጊዜ 28 ቀን ነው።