ሰባት ቤት ሲቆጠር፦ ነውር የሚባለውን ነገር በአጭር ልብወለድ እንዴት እንጻፈው?

ደሴ ላይ «ሰው በዘሩ ይናቃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኧረ በጭራሽ! እኛ ወሎዎች እኮ አንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለን ሰዎች ነን» ትባላላችሁ። ውሸት አይደለም። ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሽማግሌ ይላክ፣ ያኔ ወሬው ይቀየራል። አጭር ልብወለዳችሁን ከዚህ ጀምሩት።

«ጭቆና» በሚል ቃል አትክፈቱ፤ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይመስላል። ይልቅ ነገሩ የሚደበቅበትን ቦታ ፈልጉ። ለምሳሌ ሰባት ቤት ሲቆጠር ምክንያቱ ዝምድና እንዳይኖር ነው፣ ይህን ማንም አይቃወምም፤ ግን የልጁ አያት ምን ይሠሩ እንደነበር የሚጣራውም በዚያው ነው፣ እናም «ፋቂ»፣ «ቡዳ» ወይም ከሁሉ የባሰው «ባሪያ» የሚለው ቃል ከማንም አፍ ሳይወጣ «እንጃ፣ አጥንቱ አይታወቅም» ተብሎ ሽማግሌዎቹ ቡናቸውን ጠጥተው ይመለሳሉ።

ሌላም ቦታ አለ፣ ሰኞ ገበያ። ገዢዋ ጀበናውን አንስታ በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። ድምፁን ታዳምጣለች። «እጅሽ ይባረክ!» ትላለች፣ ከልቧ። ከዚያ ብሩን ሻጯ በዘረጋችው እጅ ላይ ሳይሆን ጀበናዎቹ የተደረደሩበት የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ታስቀምጣለች። በቃ፣ እዚህ አቁሙ። ንቀት መሆኑን አታስረዱ፤ አንባቢው እዚሁ ነው ያደገው፣ ገብቶታል።

በዳዩ ክፉ ሰው ከሆነ አንባቢው «እኔ እንደሱ አይደለሁም» ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ሰው የሚወዳት እናት አድርጓት። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ ልጇን ግን «እኔስ ምን አለብኝ ልጄ፣ ሰው ምን ይላል ብዬ ነው እንጂ» የምትል። የተበደለውንም መልአክ አታድርጉት። ይቆጣ፣ ይዋሽ፣ ዋጋ ይቆልል።

ስድቡን ተራኪው አይበለው። ገጸ ባሕሪው አንዴ ብቻ፣ ያውም ንዴት ሲያመልጠው ይበለው። ሦስቴ ከተደገመ አንባቢው ይለምደዋል።

ታሪክ አንብቡ፣ ግን ልብወለዱ ላይ አትለጥፉት። ምኒልክ ባለ እጅን፣ ማለትም የእጅ ሙያተኛን፣ መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ባርነት ደግሞ በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህ የሚጠቅማችሁ ዕድሜ ለመቁጠር ነው፤ የዛሬ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ቅድመ አያት ያንን ዘመን በደንብ ሊያውቁት ይችላሉ፣ ቤቱ ውስጥ የማይነሳ ወሬ ያለውም ለዚህ ነው።

እውነተኛ ቤተሰብ አይታችሁ የምትጽፉ ከሆነ ተጠንቀቁ። ከተማችን ጠባብ ናት፣ ሰው ወዲያው «እነ እንትና አይደሉም እንዴ?» ይላል። ታሪኩን ከደሴው ሮቢት ሰፈር አንስቶ ኮምቦልቻ ማውረድ ብቻ አይበቃም፤ የልጆቹ ብዛት፣ ሙያው፣ የአባትየው አመል ሳይቀር ይቀየር።

መጨረሻው ላይ ሠርግ አትደግሱ፣ እባካችሁ። እናትየው በሁለት ገጽ ውስጥ ተለውጣ እልል ስትል ማንም አያምንም። ቢበዛ አንድ ነገር ትቀይር፦ ዝም ትላለች ተብሎ ሲጠበቅ ትናገር፣ ወይም በተቃራኒው።

ስትጨርሱ ነገሩ በቤቱ ለደረሰበት ሰው አንብቡለት፣ ፈቃደኛ ከሆነ። «ጥሩ ነው» ካላችሁ አትመኑት። የት ጋ ፊቱን እንዳጨማደደ አይታችሁ ያንን አንቀጽ እንደገና ጻፉት።