የባትሪ ድሪል ካምቢዮ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው የባትሪ ድሪሉን ካምቢዮ (ማርሾቹ ያሉበትን ሳጥን) ፈትቶ፣ የተበላውን ማርሽ ቀይሮ መልሶ ከገጠመ በኋላ ድሪሉ እንደ ቀድሞው አልሠራ ላለው ባለሙያ ነው። ባትሪው መሙላቱ፣ ካርቦኑ (ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ብሩሽ) አለማለቁና ማብሪያው መሥራቱ አስቀድሞ ታይቷል ብዬ እነሣለሁ። የምናገረውም በብዛት ስለሚጠገኑት ባለ ሁለት ፍጥነት ድሪሎች ነው። ባለ 20 ቮልት ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ፣ ባትሪያቸው እንደ ባለ 18 ቮልቶቹ አምስት ሴል በተከታታይ የያዘ በመሆኑ ከእነዚያ ተለይተው መታየት የለባቸውም።

የፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረቱ) መያዣው በእጅ አልዞር ሲል

ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። ያለ ቁልፍ በእጅ የሚጠብቅ መያዣ ያላቸው ድሪሎች በአብዛኛው ዘንጋቸውን በራሱ የሚቆልፍ አሠራር አላቸው፤ በዘንጉና በውጭው ቀለበት መካከል የተቀመጡ ትንንሽ የብረት ሲሊንደሮች ኃይሉ ከሞተሩ በኩል ሲመጣ ይለቃሉ፣ ከፊት በኩል ሲመጣ ግን ተወጥረው ይይዛሉ። ስለዚህ ካምቢዮው ነጻ መሆኑ የሚፈተነው ከኋላ፣ በሞተሩ ፒኞን (በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ ባለው ትንሽ ማርሽ) መግቢያ በኩል በማዞር ነው። ይህን ባለማወቁ ጤነኛ ካምቢዮ ሦስት ጊዜ ፈትቶ የገጠመ ወጣት አውቃለሁ፤ በሦስተኛው ጊዜ አንዱ ሲሊንደር ጠፋበትና እውነተኛ ችግር ተፈጠረ። ከኋላም ሲዞር እምቢ ካለ ግን ከሲሊንደሮቹ አንዱ ተጋድሟል፤ አውጥቶ በየቦታቸው ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ሞተሩ እየዞረ ካምቢዮው ሲንጫጫ፣ ፑንታው አንዴ ሲዞር አንዴ ሲቆም፣ ወይም ከ1 ወደ 2 አልቀየር ሲል

ከገጠማ በኋላ ተመልሰው ከሚመጡት ድሪሎች ብዙዎቹን የማያቸው በዚህ ችግር ነው፤ መንስኤውም ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አንዲት የታጠፈች ሽቦ ናት።

አሠራሩን መረዳት ያስፈልጋል። በካምቢዮው መካከል የውስጥ ጥርስ ያለው፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ቀለበት አለ። በ1 ቁጥር ይህ ቀለበት ከካምቢዮው ቤት ጋር ተቆልፎ ይቆማል፤ በውስጡ ያሉት ማርሾች በእርሱ ላይ እየተንከባለሉ ፍጥነቱን ይቀንሳሉ፣ ጉልበቱን ይጨምራሉ። በ2 ቁጥር ደግሞ ቀለበቱ ከቤቱ ይላቀቅና ከሞተሩ ወገን ያለውን የቀደመውን ደረጃ ማርሾች ከተሸከመው ዲስክ ጋር ይያያዛል፤ ያን ጊዜ ቀለበቱም ማርሾቹም እንደ አንድ አካል አብረው ስለሚዞሩ በዚያ ደረጃ ምንም ቅነሳ አይኖርም። በሁለቱ መካከል ከቀረ ግን ከቤቱም ከዲስኩም በጥርሱ ጫፍ ብቻ ይነካካል፤ የሚሰማው መንጫጫት ይህ ነው።

ቀለበቱን የምታንሸራትተው ሽቦ እንደ ቅስት የታጠፈች ናት። ሁለቱ ጫፎቿ በቤቱ ግራና ቀኝ ባሉት ክፍተቶች አልፈው በቀለበቱ ዙሪያ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ ይገባሉ፤ ወገቧ ከላይ ካለው መቀየሪያ ጋር ይያያዛል። በገጠማ ጊዜ አንዱ ጫፍ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ሌላው ከቀለበቱ ጠርዝ ውጭ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስላል፤ መቀየሪያውም ይንቀሳቀሳል፤ ቀለበቱ ግን በአንድ ወገን ብቻ ስለሚሳብ ጋደል ብሎ ይነክሳል።

የጂፕሰም ኮርኒስ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ድሪል ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል፤ ሁለት ጊዜም «ማርሹ አልቋል» ተብሎ ማርሽ ተቀይሮለታል። እኔ ስከፍተው ማርሾቹ አዲስ ነበሩ፤ የግራው የሽቦ ጫፍ ግን ከቦዩ ውጭ ተቀምጦ የቀለበቱን ጠርዝ ጥፍር የሚያስገባ ያህል በልቶታል። ሰውየው ለሁለት ስብስብ ማርሽ ገንዘብ ከፍሎ ሳለ ሽቦዋን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም። ይህ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው፤ ያ ድሪል የዕለት እንጀራው ነውና።

መፍትሄው ትዕግሥት ብቻ ነው። ሽቦዋን ካስገቡ በኋላ የላስቲኩን ቅርፊት አይዝጉ። ካምቢዮውን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ሽቦዋን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፤ በሁለቱም ክፍተቶች በኩል ቀለበቱ እኩል ሲጓዝ በዓይንዎ ማየት አለብዎት። ከዚያ ፒኞኑን በቀስታ እያዞሩ ደግመው ይግፉ፤ በሁለቱም ጫፍ «ጠቅ» ብሎ ሲገባ ጣትዎ ላይ ይሰማዎታል። ቅርፊቱን ሲገጥሙም መቀየሪያውንና ሽቦዋን ሁለቱንም በ1 ቁጥር ቦታ ያድርጓቸው፤ አንዱ በ1 ሌላው በ2 ከሆነ ሽቦዋ ከመቀየሪያው ማረፊያ ውጭ ትቀርና ቅርፊቱ በግድ ሲጠብቅ ትታጠፋለች። ቅርፊቱ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አልጋጠም ካለ በብሎን አይሳቡት። ክፍተቱ አንድ ነገር ከቦታው ውጭ መሆኑን እየነገረዎት ነው።

የታጠፈችን ሽቦ በግንባታ ማሰሪያ ጥቁር ሽቦ የሚተኩ አሉ። ያ ሽቦ ለስላሳ ነው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይታጠፋል። ያንኑ ውፍረት ያለው የሞላ ሽቦ መጠቀም ግዴታ ነው። በመቀየሪያው ውስጥ ያሉት ሁለት ቀጫጭን ሞላዎችም መዘንጋት የለባቸውም፤ እነርሱ ከሌሉ ድሪሉ ጫና ሲያገኝ ከማርሽ ይወጣል።

ሽቦዋ ደኅና ሆና ከማርሽ መውጣቱ ከቀጠለ የቀለበቱ ጥርስ ጫፍ ተሞርዷል ማለት ነው። ይህ የተጠቃሚው ጥፋት ነው፤ ሞተሩ እየዞረ ከ1 ወደ 2 የሚቀይር ሰው ቀለበት ይጨርሳል። ማርሽ የሚቀየረው ሞተሩ ቆሞ ነው። ቀለበቱን ሲገዙ ጥርሱን ይቁጠሩ፣ ጠርዙንም በጣት ይዳስሱ፤ ከቅርጽ ማውጫው የተረፈ ላስቲክ እንኳ ያልተጠረገላቸው ቀለበቶች በብዛት ይሸጣሉ፤ እነዚህን ገጥሞ ለደንበኛ መስጠት አይገባም።

ፍሪሲዮኑ በመሰርሰሪያው ምልክት ላይ እያለ «ተርተር» ሲል

ፍሪሲዮን ጉልበቱ በቁጥሩ ቀለበት ከተመረጠው ልክ ሲያልፍ የሚለቀው ክፍል ነው። «ተርተር» ካለ ወይ ከሞላው ሥር የሚቀመጡት ብዮች ጎድለዋል፣ ወይ የቁጥሩ ቀለበት በተሳሳተ ጥርስ ላይ ተጀምሯል። ብዮቹ ሲፈታ ከግራሶው ጋር ተጣብቀው ስለሚወጡ ካምቢዮው ነጭ ጨርቅ ላይ ቢፈታ ይሻላል። ሁሉም ቀዳዳ እኩል መያዝ አለበት፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ግፊቱ ያዘነብላል። የቁጥሩን ቀለበት ከመፍታትዎ በፊት 1 ላይ አድርገው በሹል ነገር ምልክት ያድርጉበት፤ ሲመልሱም ከዚያው ምልክት ይጀምሩ።

ድምፁ እንደ ፉጨት ሲቀጥንና ካምቢዮው ሲሞቅ

በሞተሩ ሳህንና በመጀመሪያዎቹ ማርሾች መካከል የምትገባው ስስ ሮንዴላ ቀርታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ሳህን ላይ ተጣብቃ ትገኛለች። ሮንዴላዋ ካለች ግራሶውን ይመልከቱ። ጥርሶቹን በሚገባ የሚሸፍን የሊቲየም ግራሶ ይበቃል፤ ቤቱን አፉ ድረስ መሙላት ሙቀት ይጨምራል። የሞተር ዘይት በፍጹም አይጨምሩ፤ ወደ ካርቦኑ ይወርዳል። አሮጌውን ግራሶ በቤንዚን ካጠቡም ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ማብሪያውን አይንኩ፤ ካርቦን የሚያስፈነጥረው ብልጭታ ለእሳት በቂ ነው።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ሲያጉረመርም ወይም ሲጨስ

ሳህኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች ከልካቸው ረዝመዋል። አንዱ ብሎን ጠፍቶበት ከሌላ ዕቃ በመጣ ረጅም ብሎን የተካ ሰው የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ቆርጦ ሲያመጣው አይቻለሁ። ብሎኑ ከሳህኑ አልፎ ምን ያህል እንደሚገባ ከአሮጌው ጋር ሳያመሳክሩ አያጥብቁ።

አልፎ አልፎ የሚታዩ

የፑንታ መያዣው በተቃራኒ ዙር እየተፈታ ከወጣ በውስጡ ያለው ብሎን አልተመለሰም፤ ይህ ብሎን በአብዛኛው የግራ ጥርስ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ፑንታው ከተወላገደ የፊቱ ኩሽኔታ አልቆ ወይም ዘንጉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ዙሩ ከተገለበጠ የሞተሩ ሁለት ሽቦዎች ተቀያይረዋል።