ሞተራችሁ ዳገት ላይ ሲንኳኳ፦ ማጽጃ ከመጨመራችሁ በፊት ካንዴላውን ፍቱ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ለሞተር ሳይክል የምትመች ከተማ ናት የሚባለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ጉዞዋ አጭር መሆኑ ነው። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ገበያ፣ አምስት ደቂቃ ተነድቶ ይቆማል። ሞተሩ በደንብ ሳይግል ይጠፋል። እንዲህ ሲመላለስ የከረመ ሞተር ጥላሸት ያጠራቅማል። ፒስተኑ አናት ላይ፣ ቴስታው (የሞተሩ ክዳን) ውስጥ፣ ቫልቩ ላይ ይጋገራል።

ሌላም አለ። ስሟ ባሕር ዳር ይሁን እንጂ ከባሕር ጠለል 1800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። አየሩ ከቆላው ባሕር ዳርቻ አየር ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። የበዛው ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም፣ ጥላሸት ይሆናል። ኢንጄክሽን ያለው ሞተር ይህን ራሱ ያስተካክላል።

ሰው ታዲያ በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄድና ነዳጅ ላይ የሚጨመረውን ማጽጃ ይገዛል። እኔም ገዝቻለሁ። ይሠራል፤ ግን ለሁሉም በሽታ አይደለም። መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ካንዴላውን (ቤንዚኑን የሚለኩሰውን) ፍቱና ጫፉን እዩ። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። ጥቁርና በዘይት የረጠበ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። እነዚህን ሁለቱን ጠርሙስ አያድናቸውም።

ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ካንዴላው ደረቅ ጥቁር ነው

ቾኩ (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያበዛው) ተስቦ እንዳልቀረ እዩ። አትሳቁ፣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያውን አውጡ። ወደ ዘጌ በአቧራው የሚመላለስ ሰው ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ አድርቁትና ዘይት ቀባ አድርጉት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፣ ይቀየራል። ከዚህ በኋላም ከጠቆረ መካኒኩ ካርቡሬተሩን ለከፍታው ያስተካክለው፤ አንዳንዴ አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) ይፈልጋል። ምንጩ ሳይዘጋ ማጽጃ መጨመር የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደ መወልወል ነው።

ዳገት ላይ ይንኳኳል

ቤዛዊት ኮረብታን ስትወጡ ነዳጅ ስትሰጡት፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡ። በሳሳ አየር ሞተር የመንኳኳት ዕድሉ እንዲያውም ይቀንሳል። በ1800 ሜትር ላይ ከተንኳኳ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ነዳጁን ነው። በተለይ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የተገዛውን። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ቶሎ ያንኳኳል፣ ጥላሸትም ያበዛል። ከእሳት ርቃችሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ ጣል አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ያልቃል። ነጭ ጋዝ ካለበት ወረቀቱ ላይ የቅባት ክብ ይቀራል። ክቡ ከቀረ ሰልባትዮውን (የነዳጅ ጋኑን) አራግፋችሁ ከማደያ ሙሉ።

ነዳጁ ንጹሕ ሆኖ ከተንኳኳ ግን ቀጥሎ የምጠረጥረው ጥላሸቱን ነው። የተጋገረው ጥላሸት የማቃጠያውን ቦታ ያጠብበዋል፣ እመቃውም (ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን የሚጨምቀው) ይጨምራል። ሲግል ደግሞ እንደ ፍም ይሆንና ካንዴላው ሳይተኩስ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል። የማጽጃው ቦታ እዚህ ነው። ጠርሙሱ ላይ ፖሊኤተርአሚን የሚል ካለ እሱን ምረጡ፤ እስከ ማቃጠያው ክፍል ድረስ የሚያጸዳው እሱ ነው። ሌሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ከካርቡሬተርና ከመግቢያው ቫልቭ አያልፉም።

መጠኑን አስሉ። ጠርሙሱ የተዘጋጀው ለመኪና ነው። 300 ሚሊ ሊትሩ ለ60 ሊትር ነው ካለ፣ ለአንድ ሊትር 5 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። 10 ሊትር ለምትሞሉ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ከፋርማሲ ሲሪንጅ ገዝታችሁ፣ መርፌውን ጥላችሁ ለኩበት። መጀመሪያ ማጽጃውን፣ ከዚያ ቤንዚኑን ጨምሩ፣ እንዲቀላቀል። ከዚያ ሰፈር ውስጥ አትንዱት። ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሂዱና ተመለሱ። መድኃኒቱ የሚሠራው ሞተሩ ግሎ ሲለፋ ነው። ቤንዚኑ ሲያልቅ የሞተር ዘይቱን ቀይሩ፣ ማጽጃው በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳልና።

ማጽጃ ከተጨመረበት በኋላ ባሰበት

ይህ የእኔ ታሪክ ነው። «ከበዛ ይበልጥ ያጸዳል» ብዬ ሙሉውን ጠርሙስ 10 ሊትር ላይ ገለበጥኩት። ስድስት እጥፍ! በማግሥቱ ጊዮርጊስ ጋ ስደርስ ያስለው ጀመር፣ ከዚያ ቀጥ አለ። እየገፋሁ ወደ ቤት ስገባ የጎረቤት ልጅ አይቶኝ «ጋሼ፣ ውኃ አስገቡበት እንዴ?» አለኝ። ካንዴላውን ስፈታው የተፈነቀለ ጥላሸት ጫፉ ላይ ተለጥፎ ክፍተቱን ደፍኖታል። መፍትሔው ቀላል ነበር። ካንዴላውን በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ፣ ሰልባትዮውን አራግፌ በንጹሕ ቤንዚን ሞላሁ፣ ዘይት ቀየርኩ። ሰልባትዮውን ሳራግፍ ያዘንኩት ለገንዘቡ ነው።

ሚኒሞ አልይዝ ይላል (ነዳጅ ካልሰጡት ይጠፋል)

ክረምቱን ሳይነዳ የከረመ ከሆነ ጥላሸት አይደለም። ቤንዚኑ ሙጫ ሆኖ ትንሿን ጄት ደፍኗታል። ካርቡሬተሩ ተፈትቶ በስፕሬይ ይታጠብ፣ በአየር ይነፋ። ሽቦ አታስገቡ፣ ቀዳዳው ይሰፋል። የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ከፍታችሁም በብርሃን አስተላላፊ ጠርሙስ ተቀበሉ። ከሥር የተለየ ነገር ከተኛ ውኃ ነው።

ሰማያዊ ጭስ

ጠዋት ሲነሳ ብቻ ከሆነ የቫልቭ ጎማ ነው። ነዳጅ ስትሰጡት ሁሉ ከሆነ ፋሻው አልቋል። የማጽጃውን ገንዘብ ለመካኒኩ አስቀምጡት።

ሁሉንም አደረግሁ፣ አሁንም ይንኳኳል

እንግዲህ ቴስታው ይከፈታል። ፒስተኑን ወደ ላይ አምጡት፣ ጥላሸቱን በነጭ ጋዝ አርሱት። በካቻቢቴ እንዳትፍቁት፣ አሉሚኒየም ነውና ይጫራል። እኔ የተጠቀምኩት ጫፉ የተሳለ የባሕር ዛፍ እንጨት ነው። ጓርኒሲዮኑ (የቴስታው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን፣ አሮጌውን መመለስ ለሁለተኛ መፍታት መጋበዝ ነው። ከመግጠማችሁ በፊት የቴስታውን መግቢያ ቀዳዳ ወደ ላይ አድርጋችሁ በቀዳዳው ቤንዚን ጠብ አድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ከቫልቩ ሥር ካልረጠበ ቫልቩ በደንብ ይዘጋል ማለት ነው፣ ግጠሙት።