ሕመሙ ስንት ሰከንድ ቆየ? የጥርስ ችግሮች ከምልክት እስከ መፍትሄ

ታካሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «በጣም ያመኛል» ሲል ሐኪሙ ገና ምንም አላወቀም። የሕመሙ ብርታት ብዙ አይናገርም። ትንሽ የተገለጠ ሥር ሰውን ያስጮኻል፤ ነርቩ የሞተ ጥርስ ደግሞ ለወራት ዝም ብሎ ይቀመጣል። ብዙ የሚናገረው ጊዜው ነው፦ መቼ ይነሳል፣ ምን ይቀሰቅሰዋል፣ ቀስቃሹ ከሄደ በኋላስ ስንት ሰከንድ ይቆያል?

«ቀዝቃዛ ሲነካው ይነዝረኛል፣ ወዲያው ግን ይለቀኛል»

ሕመሙ ብልጭ ብሎ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ነርቩ ሕያው ነው፤ የመዳን ዕድሉም ሰፊ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ድድ ሸሽቶ የጥርሱ ሥር መገለጡ ነው። ሥሩ ላይ ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱን ላይ የሚሸፍነው ጠንካራ ቅርፊት፣ የለም። እዚያ ያለው ዴንቲን የሚባለው የጥርሱ የውስጥ አካል ወደ ነርቩ የሚያመሩ፣ በዓይን የማይታዩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ ቅዝቃዜው የሚገባው በነሱ ነው። ድዱን የሚያሸሸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብሩሹ ራሱ ነው። ጠንካራ ብሩሽ ይዞ ጥርሱን እንደ ድስት የሚፈገፍግ ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለው ታካሚ «እኔኮ በደንብ ነው የምቦርሸው» ማለቱ አይቀርም።

መፍትሄው ለስላሳ ብሩሽ መያዝ፣ ፀጉሩን ወደ ድዱ ጠርዝ 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ በአጭር በአጭሩ ማንቀሳቀስ ነው። ለሚነዝር ጥርስ የተሠራ የጥርስ ሳሙና ያግዛል፤ ለምሳሌ ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት። ግን በአንድ ቀን አይሠራም፣ ጥቂት ሳምንታት ጠዋትና ማታ ይጠቀሙበት። ከቦረሹ በኋላ አረፋውን ይትፉት እንጂ በውሃ አይጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ታጥቦ ይሄዳል። ኮምጣጣ ነገር ከጠጡም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያልፍ ብሩሽ አያንሱ፣ አሲዱ የጥርሱን ገጽ ለጊዜው ያለሰልሰዋልና።

የሚነዝረው አንድ ጥርስ ብቻ ከሆነ ግን ሳሙናው ላይ ጊዜ አያጥፉ። የተቦረቦረ፣ የተሰነጠቀ ወይም ሙሌቱ የለቀቀ ሊሆን ስለሚችል ይታይ።

«ይጠዘጥዘኛል፣ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል»

ቀዝቃዛው ወይም ትኩሱ ከሄደ በኋላ ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት የሚነሳ ሕመም ሌላ ታሪክ ነው። የጥርሱ ብስባሴ ወደ ነርቩ ቀርቦ ወይም ደርሶ ነርቩ ተቆጥቷል፤ አብዛኛውን ጊዜም ወደ ጤናው አይመለስም። ሲተኙ የሚብሰው ወደ ጭንቅላት የሚሄደው የደም ግፊት ስለሚጨምርና ነርቩ በጠንካራ ግድግዳ ተከቦ ማበጫ ቦታ ስለሌለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ፦ የሥር ሕክምና (ነርቩን አውጥቶ የሥሩን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ወይም መንቀል። ሦስተኛ መንገድ ተደርጎ የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ነው፤ ይህን ሕመም ግን አያስታግስም። እብጠትም ትኩሳትም ሳይኖር ለሚጠዘጥዝ ጥርስ አንቲባዮቲክ መዋጥ ጥቅም የለውም፣ መድኃኒቱን የሚለምዱ ባክቴሪያዎችን ከማፍራት በቀር።

ሐኪም ጋ እስኪደርሱ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከፓራሲታሞል ጋር መውሰድ ለብዙ አዋቂ ሰው ከሁሉ የተሻለ ማስታገሻ ነው። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም አይለፍ። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አይቡፕሮፌኑን ይተወው፤ አስም ያለበትም አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ። አስፕሪን ድድ ላይ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ክኒኑ ሲዋጥ እንጂ ሲቀመጥ አይሠራም፤ የሚያደርገው ድዱን ማቃጠል ነው። በማግስቱ ነጭ ሆኖ የተላጠ ድድ ይዘው ይመጣሉ፣ ጥርሱም እንዳመመው ነው።

የሥር ሕክምና ያማል ወይ የሚለውን የማይጠይቅ የለም። ሰው የሚያስታውሰው ሕመም በአብዛኛው ከሕክምናው በፊት የነበረውን ነው። ሲሠራ በማደንዘዣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲያኝኩበት ጥቂት ቀን ትንሽ ቢያም የሚጠበቅ ነው። ትልቁ ስህተት ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ሕክምናውን መሐል ላይ ማቆም ነው። ጊዜያዊው ሙሌት ስሙ እንደሚለው ጊዜያዊ ነው፤ ካለፈበት ያፈስሳል፣ ባክቴሪያውም ተመልሶ ይገባል። የኋላ ጥርስ ከሆነ ደግሞ ክራውን (ጥርሱን ሙሉ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ቆብ) ይልበስ፤ ብዙ አካሉን ያጣ የመንጋጋ ጥርስ በማኘክ ኃይል ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ መንቀል ብቻ ይቀራል።

«ሳምንት ሙሉ ሲያመኝ ቆይቶ በራሱ ተወኝ»

ሰው የሚደሰትበት፣ ሐኪም ግን የማይወደው ምልክት ይህ ነው። ሲጠዘጥዝ የነበረ ጥርስ ሳይታከም ዝም ካለ ነርቩ ሞቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ግን አልሞተም፤ በሥሩ በኩል ወርዶ አጥንቱን ይይዛል። ቆይቶ ድዱ ላይ ብጉር የመሰለች ነገር ትወጣለች፤ ትፈነዳለች፣ አፍ ውስጥ መጥፎ ጣዕም ትተዋለች፣ ትከስማለች፣ ተመልሳ ትመጣለች። መግሉ መውጫ ስላገኘ አያምም። ሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱ መጥፋቱ በራጅ ይታያል። ሕክምናው ያው የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው፣ ቢዘገይም አይቀልም።

«ስነክስበት ብቻ ነው የሚያመኝ»

ጥርሱ በቅርቡ ተሞልቶ ከሆነ ሙሌቱ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ባለ ቀለም ስስ ወረቀት ያስነክስዎታል፤ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ያረፈባትን ነጥብ ትንሽ ይሞርዳታል፣ በደቂቃዎች ያልቃል። «ይለመዳል» ብለው አይጠብቁ። ማደንዘዣው ሳይለቅ ንክሻዎ ትክክል መሆኑን ማወቅ ስለማይችሉ ለዚህ ተመልሶ መሄድ ነውር የለውም።

ሲነክሱ ሳይሆን ንክሻውን ሲለቁ ቀጭን ሕመም ብልጭ የሚል ከሆነ ስንጥቅ ይጠረጠራል። ስንጥቅ በራጅ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ስለዚህ የትኛው ምግብ፣ በየትኛው በኩል፣ ሲነክሱ ወይስ ሲለቁ የሚለውን በትክክል መናገር ሐኪሙን ከማንኛውም ፎቶ በላይ ይረዳዋል። ጥርሱ ከሌሎቹ የረዘመ ከመሰለዎትና ሲነኩት የሚያም ከሆነ ደግሞ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ሳይቋጥር አይቀርም።

ከላይ በኩል ብዙ የኋላ ጥርሶች ባንድ ላይ ካመሙ፣ አፍንጫ ከታፈነና ጎንበስ ሲሉ ከባሰ፣ ጥርሱን ከማስነቀልዎ በፊት ሳይነስ (ከጉንጭ ጀርባ አጥንቱ ውስጥ ያለው የአየር ክፍተት) ይታይ። የላይኛው መንጋጋ ሥሮች ከሳይነሱ ወለል ጋር ይጎራበታሉ።

«ስቦርሽ ድዴ ይደማል»

ደም ያየ ሰው የሚያደርገው ነገር ያንን ቦታ አለመንካት ነው። ያባባሰውም ይኸው ነው። የሚያደማው በድዱ ጠርዝ ላይ የተጠራቀመው የባክቴሪያ ንጣፍ ነው፤ ብሩሹ ቀድሞም የነበረውን የድዱን ቁጣ ብቻ ነው ያሳየው። በለስላሳ ብሩሽ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ2 ደቂቃ፣ በተለይ የሚደማውን ቦታ ሳይዘሉ ይቦርሹ፤ ብሩሽ የማይገባበትን የጥርስ መሐል በክር ወይም በትንሿ የመሐል ብሩሽ ያጽዱ። መጀመሪያ ላይ ይደማል፤ በአንድ ወይም ሁለት ሳምንት መቀነስ አለበት።

ካልቀነሰ ንጣፉ ጠንክሮ ታርታር ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ታርታርን ብሩሽ አያነሳውም፣ ሐኪም ጋ ማሳጠብ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ «ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ተነቃነቀ፣ መሐሉም ተከፈተ» የሚል ቅሬታ ይመጣል። እውነት አለው፣ ጥፋተኛው ግን ሌላ ነው። ክፍተቱን ሞልቶ፣ የላላውን ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆ የያዘው ታርታሩ ነበር፤ አጥንቱን የበላው የድድ በሽታ ደግሞ ቀድሞ ሥራውን ጨርሷል። እጥበቱ ይህን ገለጠው። ለጥቂት ቀን ቀዝቃዛ ቢነዝር ያልፋል።

ሦስት ነገር ልጨምር። የሚያጨስ ሰው ድዱ ስላልደማ ጤነኛ ነኝ ብሎ አይመን፤ ኒኮቲን የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ በሽታው ሳይደማ ይሄዳል። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፤ የታመመ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ነፍሰ ጡር ሴት በሆርሞን ለውጥ ድዷ ሊደማ ይችላል፤ ማሳጠብም፣ አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ መሞላትም አይከለከልም፣ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ያለው ጊዜ ደግሞ ይመቻል።

«ጉንጬ አበጠ»

እብጠት ከጥርስ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ይታይ። ለመዋጥ ወይም ለመተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምላስ ወደ ላይ ከተገፋ፣ እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ ከባድ ትኩሳት ካለ የጥርስ ክሊኒክ መፈለጉን ትተው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እብጠት ላይ ትኩስ ነገር አያድርጉ።

«ካስነቀልኩ በኋላ አሁንም ይደማል»

ምራቅ ከጥቂት ደም ጋር ሲቀላቀል ብዙ ይመስላል፤ በመጀመሪያው ቀን ሮዝ ምራቅ ማየት የተለመደ ነው። አፍ እየሞላ የሚደማ ከሆነ ግን ንጹሕ ፋሻ አጥፈው ቀዳዳው ላይ በትክክል ያስቀምጡና ለ30 ደቂቃ ጠበቅ አድርገው ይንከሱ። በየደቂቃው እያነሱ ማየት የሚረጋውን ደም ይነቅለዋል። ከዚህም በኋላ ካልቆመ ይመለሱ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ጥርስ ለማስነቀል ብሎ መድኃኒቱን በራሱ አያቋርጥ፤ የማቋረጡ አደጋ ከደሙ ይበልጣል፣ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ሕመሙ በመጀመሪያው ቀን ቀለል ብሎ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ እየበረታ ከመጣ፣ ወደ ጆሮም ከወጣ፣ የረጋው ደም ወልቆ አጥንቱ ተገልጧል። ጥቁር ቀይ የረጋ ደም መኖር የነበረበት ቀዳዳ ባዶ ይሆናል፤ ግራጫ ነጭ አጥንት ይታያል፣ ይሸታልም። ማጨስ፣ ቶሎ መጉመጥመጥና በስትሮ መጠጣት ያመጡታል። ሐኪሙ ቀዳዳውን አጥቦ መድኃኒት ያለበት ማሸጊያ ያስገባል፤ እፎይታው በዚያው ቀን ይሰማል። ይህ እንዳይደርስ ለ24 ሰዓት አይጉመጥመጡ፣ በኃይል አይትፉ። ከዚያ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው ከምግብ በኋላ ቀስ ብለው ያንከባልሉት።

«መርፌው አልያዘኝም»

ታካሚውም አልዋሸም፣ ሐኪሙም አልተሳሳተም። የተቆጣ ቦታ አሲድነቱ ስለሚጨምር ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም፤ በተለይ የታችኛው መንጋጋ ያስቸግራል። ችለው አይቀመጡ፣ እጅዎን ያንሱ። ተጨማሪ መርፌ ወይም ሌላ የመውጊያ ቦታ አለ።

ልጅ ካለ

በ6 ዓመት ገደማ ከመጨረሻው የወተት ጥርስ ጀርባ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ቀድሞት የሚወልቅ ጥርስ ስለሌለ ወላጅ የወተት ጥርስ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሲቦረቦርም «ይቀየራል» ይላል። አይቀየርም። ገና ሲወጣ አሳይተው ጎድጓዱን በማሸጊያ ማስደፈን ይቻላል። ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ከመጀመሪያው ጥርስ ጀምሮ ይሁን፦ እስከ 3 ዓመት የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ታህል።

ልጁ ወድቆ ቋሚ ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ከወለቀ ሰዓቱ ይቆጠራል። ጥርሱን ከላይ፣ ከሚታየው በኩል ይያዙ፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ። ከቆሸሸ ለጥቂት ሰከንድ በወተት ወይም በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ አድርገው ወደ ቦታው ይመልሱት፣ ጨርቅ ያስነክሱትና ይሂዱ። መመለሱ ካልሆነልዎ ወተት ውስጥ ይክተቱት እንጂ በሶፍት ጠቅልለው አያድርቁት፤ ሥሩ ላይ ያሉት ሕዋሳት ሲደርቁ ይሞታሉ፣ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ዕድሉ በጣም ይጠባል። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አይመለስም፤ መመለሱ ከሥሩ እያደገ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።