ቤዝ 7 ላይ ሁሌ የሚያሳስተው ነገር፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ ሆጤ አካባቢ ተማሪ አስጠናለሁ። አንድ ስህተት ከደብተራቸው ጠፍቶ አያውቅም። ቁጥሩ በቤዝ 7 ይጻፋል (የአሃዞቹ ቦታ ከቀኝ ወደ ግራ 1፣ 7፣ 49 እያለ ይሄዳል፤ በለመድነው ቤዝ 10 ግን 1፣ 10፣ 100)፤ እነሱ ግን በቤዝ 10 ዓይን ያዩታል። ቁጥርን ወደ ሌላ ቤዝ ለመቀየር በቤዙ ደጋግሞ ማካፈሉንና ቀሪዎቹን ከታች ወደ ላይ ማንበቡን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ።

ምልክት፦ «ቲቸር፣ 255 በ5 ስለሚያልቅ ለ5 ይካፈላል። ኢ-ተጋማሽም ነው።»

በቤዝ 7 የተጻፈውን 255 እንፍታው። 2 ጊዜ 49፣ 98። 5 ጊዜ 7፣ 35። ከዚያ 5። ድምሩ 138። ተጋማሽ ነው፤ ለ5 አይካፈልም። ሁለቱም መልስ ገደል ገባ። 25 ደግሞ ይብሳል፤ እዚያ 19 ማለት ነው፣ ብቸኛ ቁጥር!

ምክንያት፦ የመጨረሻውን አሃዝ አይቶ መፍረድ ለ2ና ለ5 የሚሠራው 10 ራሱ ለሁለቱም ስለሚካፈል ነው። 7 ለሁለቱም አይካፈልም። ቤዝ 7 ላይ መጨረሻው 0 ከሆነ ቁጥሩ ለ7 ይካፈላል። ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

መፍትሄ፦ አሃዞቹን ደምሩ። 7 ለ6 ሲካፈል 1 ይተርፋል። 49ም፣ 343ም እንዲሁ። ስለዚህ የአሃዞቹ ድምር ለ6 ሲካፈል የሚተርፈውና ከቁጥሩ የሚተርፈው እኩል ነው። 2+5+5=12፤ ለ6 ይካፈላል፣ ስለዚህ ለ2ም ለ3ም። ቤዝ 10 ላይ ለ9 የምንጠቀምበት ዘዴ ነው እኮ! ለ8 ከፈለጋችሁ ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ቀንሱ፣ ቀጣዩን ደምሩ፦ 5−5+2=2። 138 ለ8 ሲካፈልም 2 ይተርፋል።

ጥንቃቄ፦ ይህ 12 የቤዝ 10 ነው። በቤዝ 7 ስትጽፉት 15 ይሆናል። እሱን «አሥራ አምስት» ብሎ አንብቦ «ለ6 አይካፈልም» ያለ ተማሪ ገጹን ሙሉ አበላሽቷል። ዘዴውን ቤዝ 12 ላይም እንዳለ አትገልብጡት፤ እዚያ ድምሩ የሚያገለግለው ለ11 ነው።

ምልክት፦ አሠራሩ ልክ ነው፣ መልሱ ግን አልገጥም ይላል።

ወረቀቱን እዩ። ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ላይ ቤዙን የምትነግረው ከቁጥሩ ግርጌ ያለችው ትንሿ 7 ወይ ትጠፋለች፣ ወይ ከቁጥሩ ጋር ተሰልፋ 2557 ታደርገዋለች። ቤዝ 7 ውስጥ ደግሞ 7 የሚባል አሃዝ የለም፤ ማብቂያው 6 ነው። አንዲት ተማሪ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥታ የመጣችው «ጭንቅላቴ አልሠራ አለ» ብላ ነበር። አብሽሪ አልኳት፤ ያልሠራው ወረቀቱ ነው። ቶነር እየቆጠቡ የልጅ ማርክ መብላት ምን ይባላል? 7፣ 8 ወይም 9 ካያችሁ ጥያቄውን ሳትነኩ ወረቀቱን ለሰጣችሁ ሰው መልሱለት።

ቤዝ 12 ላይ አሥርና አሥራ አንድን በሁለት አሃዝ አትጻፉ፤ ኤ እና ቢ በሉ።

ቤዝ −2 አልፎ አልፎ ይመጣል። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ግሩንዋልድ በ1885 (እ.ኤ.አ.) የጻፈበት ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ለ−2 እያካፈላችሁ ስትሠሩት ቀሪው −1 ከመጣ 2 ደምሩበት፣ ድርሻው ላይ 1 ጨምሩ። በ−3 ሞክሩት፤ 1101 መውጣት አለበት።