ባሕር ዳር ላይ የመዋኛ ገንዳ ሊያሠሩ ነው? ኮንትራክተር ከመጥራትዎ በፊት ጉድጓድ ያስቆፍሩ

ጣና አጠገብ እየኖሩ ግቢ ውስጥ ገንዳ ማሠራት ለአንዳንዱ ሰው ቅብጠት ይመስለዋል። እኔ አልነቅፍም። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጅን ዝም ብሎ ለቆ ማዋኘት ያሳስባል። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሰው ከኮንትራክተሩ ጋር ስለ ሴራሚክ ቀለም ሁለት ሰዓት ያወራል። ስለ መሬቱ ውሃ ግን አንድም ቃል ሳይተነፍስ ይፈርማል።

መጀመሪያ መሬቱን ይወቁ

ገንዳው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ያስቆፍሩ። ለቀን ሠራተኛ ከባድ ሥራ አይደለም። ማታ ልጅ እንዳይገባበት ይክደኑት። በማግስቱ ጠዋት ገመድ ላይ ድንጋይ አስረው ያውርዱና ውሃ መኖር አለመኖሩን ይዩ።

ዋናው ነገር ወሩ ነው። ጥር ላይ ቆፍረው ደረቅ ቢያገኙ እንዳይሸወዱ። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ መስከረም አካባቢ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ሰፈሮች የከርሰ ምድር ውሃውም አብሮት ከፍ ይላል። ስለዚህ ሙከራው ከነሐሴ እስከ መስከረም፣ ግንባታው ደግሞ በበጋ ይሁን።

ይህን የተማርኩት ከአክስቴ ልጅ ነው። ገንዳውን ባሠራ በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜን ላይ ለእንቁጣጣሽ ላጽዳው ብሎ ውሃውን ሙልጭ አድርጎ አስወጣ። ጠዋት ሲነሳ ወለሉ መሐሉ ላይ እንደ አክንባሎ ጎብጦ፣ ሴራሚኩ ተነቃቅሎ አገኘው። 8 በ4 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1.4 ሜትር የሚጠልቅ ገንዳ 45 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። 45 ቶን ማለት ነው። ያ ክብደት ሲነሳለት ከሥር ያለው ውሃ ወለሉን ወደ ላይ ገፋው። ኮንትራክተሩ ሲጠየቅ "ክረምት ላይ ባዶ አታድርጉት ብያችሁ ነበር" አለ። ውሉ ላይ ግን እንዲህ የሚል ነገር የለም።

አፈሩንም ይዩት። ጥቁር ዋልካ ከሆነ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ኮንክሪቱንም ይዞት ይሄዳል። አውጥቶ በገረጋንቲ ሞልቶ መጠቅጠቅ ያስፈልግ ይሆናል። ስንት ሜትር ድረስ የሚለውን መሐንዲስ ይወስን እንጂ ፎርማኑ በዓይኑ አይገምት።

ከዚያ ሦስት ኮንትራክተር ይጥሩ

ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ጉድጓዱን ያሳዩአቸውና ዝም ይበሉ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሌላ አገር ገንዳ ፎቶ ያሳይዎታል። አንዱ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ አፈሩን በእጁ ያድቦለቡልና "ክረምት ላይ ውሃው እስከ የት ደረሰ?" ይላል። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ኮንትራክተሩ ከዚህ በፊት የሠራው ገንዳ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበት መሆን አለበት። ሄደው ይዩት፤ ባለቤቱን ለብቻ ያነጋግሩ። "በሳምንት ስንት ውሃ ትጨምራላችሁ? ፓምፑ ሲበላሽ ስልክ ያነሳል?" ብለው ይጠይቁ።

ውሉ

ከከተማው የግንባታ ፈቃድ ሳይወጣ ቁፋሮ አይጀመር። ውሉ በጽሑፍ፣ ምስክሮች ባሉበት ይፈረም። "ጥራት ያለው ሥራ" የሚል ሐረግ ምንም አይጠቅምዎትም። የፌሮው ውፍረትና ርቀት፣ የግድግዳው ውፍረት፣ የውሃ መከላከያው ዓይነት፣ ከወለሉ ሥር የሚገባው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ (የከርሰ ምድር ውሃው ወለሉን ሲገፋ የሚከፈተው) በስማቸው ይጻፉ። የፓምፑም አቅም እንዲሁ። 45 ሺህ ሊትሩን በ8 ሰዓት ውስጥ አጣርቶ እንዲጨርስ በሰዓት 6 ሜትር ኩብ ያህል መሳብ አለበት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ አብረው ያውሩ፤ ፓምፕ ቆሞ የሰነበተ ገንዳ አረንጓዴ ይሆናል፣ ወባም ያመጣል።

ክፍያው ሥራውን ይከተል፤ ቁፋሮ፣ ኮንክሪት፣ የውሃ ሙከራ፣ ሴራሚክ እያለ። 10 በመቶው እስከ መጀመሪያው ክረምት ማብቂያ እጅዎ ላይ ይቆይ። "ብረት ሊጨምር ነው፣ አብዛኛውን ቅድሚያ ስጡኝ" ካለ ብረቱን ራስዎ ገዝተው ግቢዎ ያስገቡ።

ሴራሚክ ከመነጠፉ በፊት

ኮንክሪቱ 28 ቀን ገደማ ውሃ እየጠጣ ከጠነከረ በኋላ ገንዳው ይሞላ። አንድ ባልዲ ውሃ ሞልተው ገንዳው ደረጃ ላይ ያስቀምጡ። የባልዲውንም የገንዳውንም የውሃ ልክ በማርከር ያስምሩ፤ ፓምፑ ይጥፋ። ከሁለት ቀን በኋላ ሁለቱም እኩል ከቀነሱ ፀሐይ ነው የወሰደው። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከቀነሰ ያፈሳል። ሴራሚክ ከተነጠፈ በኋላ ቀዳዳ መፈለግ ግን ሌላ ወጪ ነው።

አትክልቱ

የአትክልቱ ሥራ መጨረሻ ይምጣ፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ያልረገጠው ሣር ይሻላል። ፀሐይ ላለበት ቦታ ሰርዶ ይበቃል። ሾላና ዋርካ ከገንዳው ይራቁ፣ ሥሮቻቸው ግድግዳ ይፈልጣሉ። ማንጎ ከላይ ካለ ቅጠል ሲለቅሙ ይውላሉ። የመሬቱ ተዳፋት ከገንዳው ወደ ውጭ ይሁን። ለጌጥ ኩሬ ብሎ ሐምራዊ አበባ ያለው እምቦጭ የሚያመጣልዎት ካለ በሩን ያሳዩት፤ ጣና የሚበቃውን አይቷል። ክሎሪን ያለበት ውሃም ወደ ሐይቁ ወይም ወደ ጎረቤት አይለቀቅ።

ርክክብ ቀን ኮንትራክተሩ ፊልተሩን ራሱ ሲያጥብ በስልክዎ ይቅረጹት። እያንዳንዱ ቫልቭ ላይ ስሙን በማርከር ያስጽፉ። ትንሽ ልጅ ካለ አጥሩና መዝጊያው ሳይጨረስ ገንዳው አይሞላ።